የአክስቴ አፍንጫ

አክስቴ የአበባ ኮምጣጤ ትሠራ ነበር። ኮምጣጤ ስላችሁ ያ ከሱቅ የሚገዛው፣ ሲቀምሱት ጉሮሮ የሚቧጥጠው እንዳይመስላችሁ። የእሷ ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ አበባው ብቅ ብሎ ሰላም ይላል፤ ኮምጣጤው ከኋላ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ይከተላል።

አሠራሩን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከጭማቂ ቤት የአናናስና የፖም ልጣጭ በባልዲ ይዛ ትመጣለች። በስኳር ውሃ ትዘፈዝፈውና የጠርሙሱን ሰፊ አፍ በስስ ጨርቅ አስራ ጓዳ ታስቀምጠዋለች። ሰንብቶ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ የመጠጥ ቤት ሽታ ያመጣል፣ ከዚያ ይኮመጥጣል። ላዩ ላይ እንደ ስስ ቆዳ ያለ ሙልጭልጭ ሽፋን ሲጋረድበት «እናቲቱ መጣች» ትላለች። ያችን ሽፋን ከአሮጌው ጠርሙስ ወደ አዲሱ በማንኪያ እያሻገረች ታኖራታለች። እናቲቱ የምትሰማ ይመስለኝ ስለነበር ጓዳ ስገባ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

አበባው የሚመጣው ከቤታችን ጀርባ ካለችው አትክልት ቦታ ነው። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይቀጠፋል። ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል ሰማያዊ አበባ፣ የሽንኩርት አበባ፣ የበሶብላ አበባ። አጥሩ ላይ የሚንጠላጠል ብርቱካንማ አበባም ነበር፤ ሲያዩት ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል፣ ሲያኝኩት ግን እንደ ፌጦ ምላስ ያቃጥላል። አክስቴ «ነገረኛው» ትለዋለች። ሁሉም ታጥቦ፣ ውሃው በጥላ ጠፈፍ ብሎለት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ የጠራው ኮምጣጤ ይፈስበታል፤ ብርሃን እንዳያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በየቀኑ ይነቀነቃል፣ በየጊዜው ይሸተታል። መቼ እንደሚጠለል የሚያውቅ አፍንጫ ብቻ ነው። ከቸኮሉ ሽታ የለውም፤ ካዘገዩ አበባው ይበሰብስና የረጋ ውሃ ይሸታል፤ ኮምጣጤው ራሱ ከተበላሸ ደግሞ የጥፍር ቀለም ይሸታል።

ይህን ሥራ የለመደችው ሆቴል ወጥ ቤት በነበረችበት ዘመን ነው። ሆቴሉን ከለቀቀች በኋላ ከእኛ ጋር፣ ጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ትኖር ነበር። አላገባችም። ወልዳለች ከተባለም የወለደችው እማዬን ነው፤ እናታቸው ስትሞት እማዬ ገና ዳዴ ትል ነበር፣ አክስቴም የራሷን ልጅነት ሳትጨርስ አዝላ አሳደገቻት። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። ደንበኞቿን ስትቆጣ ግቢው ጸጥ ይላል፤ አክስቴ ፊት ግን «እትዬ» ብላ አንገቷን ትደፋለች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር እንደ እንግዳ ብቅ እያለ ይሄዳል። ቤቱ የሁለቱ እህትማማቾች ነበር።

በዚያ ዓመት እማዬ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሆዷ ውስጥ እያለ አጥታ ነበር። «አጣችው» ሲሉ ስሰማ ፈልጋ ያላገኘችው መስሎኝ፣ መንገድ ላይ ብቻውን የቆመ ሕፃን ባየሁ ቁጥር እሱ ይሆን እያልኩ ፊቱን አጠናለሁ። አክስቴ ይህ እንዳይደገም ለጎረቤቱ ሁሉ አስጠንቅቃለች። «ከእንግዲህ እሷ ፊት ክፉ ወሬ ያወራ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል» ትላለች።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳ የጠራችኝ። ከጽጌረዳው ጠርሙስ ፊት ቆማ ክዳኑን በእጇ ይዛ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ አሽትቺልኝ።»

አሸተትኩ።

«ማን ቀደመ?»

«ጽጌረዳው።»

«ኮምጣጤውስ?»

«ኋላ መጣ። አፍንጫዬን ቆንጥጦኝ ሄደ።»

ሳቀች። «ሌላ የመጣ እንግዳ የለም? የረጋ ውሃ፣ የጥፍር ቀለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ደርሷል» አለችና ክዳኑን ገጠመችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የዩኒፎርሜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫዬ አንቺ ነሽ። እኔ አርጅቻለሁ። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ።»

«ለምን?»

ትንሽ አሰበች። «ትቀናብናለች።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት የሄድኩት አፍንጫዬን ነፍቼ ነው። የክፍሌ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ካላሸተትኩላችሁ እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጣኋቸው። አርጅቻለሁ ስትለኝም አምኛታለሁ። ዛሬ ሳስበው እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ ላይ እንኳ አልደረሰችም ነበር።

ሥራዬን አጥብቄ ያዝኩ። የበሶብላው ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ሸቶኝ ስነግራት ሳታቅማማ ደፋችው። የጥብስ ቅጠሉን «ገና ነው፣ እንጨት እንጨት ይላል» ስላት መልሳ ቁም ሳጥን አስገባችው። ኮምጣጤ የሚወስድልን የሆቴሉ ወጥ ቤት አለቃ ሲመጣም በር ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ወፍራም፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ጠርሙሱን ከፍቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይስባል።

«አንቺ ሴትዮ» አላት አንድ ቀን፣ «ሆቴሉን ስትለቂ እንኳ አፍንጫሽን ትተሽልን ብትሄጂ ምን ነበረበት።»

አክስቴ እኔን ሰረቅ አድርጋ አየችኝና «አፍንጫዬንማ ለማንም አልሰጥም» አለችው። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ቀሚሴን ነከስኩ።

ከዚያ የድስቱ ነገር መጣ። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አበባ ትለቅማለች፤ ከጀርባዋ የተጣደው ድስት አርሮ ጓዳው በጭስ ታፍኗል። እኔ ከደጅ ሸቶኝ እየሮጥኩ ስመጣ እማዬ ሆዷን ደግፋ ከስፌት ክፍሏ ደርሳ ነበር። ድስቱን አውርዳ አክስቴን ትክ ብላ አየቻት።

«እትዬ፣ አልሸተተሽም?»

«ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው» አለች አክስቴ፣ እጇ ላይ ያለውን አበባ እያየች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ጋዙ ሳይዘጋ ተገኘ። እማዬ ምድጃውን ነቅላ ወደ ራሷ ክፍል ወሰደችው። «ከእንግዲህ ማብሰሉን ለእኔ ተዪው» አለች። አክስቴ አልተከራከረችም። እኔ ግን ተከራከርኩ፣ በሆዴ። ቅናቱ ተጀመረ አልኩ። ዛሬ ምድጃ፣ ነገ ቁም ሳጥን፣ ከነገ ወዲያ እናቲቱን ትወስዳለች።

ጥርጣሬዬ እውነት የሆነው አንድ ቅዳሜ ነው፤ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ገመድ ስዘል እማዬ ከቧንቧው ውሃ በጠርሙስ ስትቀዳ አየኋት። መልኩ እንዲመሳሰል ትንሽ ሻይ ጠብ አደረገችበት፤ ከላይ ጥቂት የጽጌረዳ አበባ ቅጠል በተነችበት። ይዛው ወደ አክስቴ ክፍል ስትገባ ተከትዬ በመጋረጃው ጠርዝ አየሁ።

«እትዬ፣ ይቺን ጠርሙስ ከቁም ሳጥን አወጣኋት። ደርሳ እንደሆነ አሽትቺልኝ።»

አክስቴ ተቀበለቻት። ዓይኗን ጨፍና አፍንጫዋን ጠርሙሱ አፍ ላይ አሳረፈች። ፊቷ ላይ ያ የወጥ ቤቱ አለቃ ፊት ላይ የማየው ዓይነት ደስታ መጣ።

«ደርሳለች» አለች። «ጽጌረዳው ጥሩ አድርጎ ወጥቷል። ነገ አጠልላታለሁ።»

«እሺ እትዬ» አለች እማዬ። ጠርሙሷን ተቀብላ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ እንኳ አላየችኝም።

ቀጥሎ የስፌት መኪናዋ ሲሽከረከር ሰማሁ። ሄጄ በመስኮት አየሁ። እማዬ መርገጫውን በኃይል ትረግጣለች፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ከሥሩ ግን ጨርቅ አልነበረም። አላዘንኩላትም። አክስቴ በጨዋነቷ እንዳታሳፍራት ብላ እንጂ ውሃ መሆኑን እንዳወቀች እርግጠኛ ነበርኩ። እህቷን ልታሞኝ ሄዳ ራሷ ተሞኘች አልኩ። ያን ቀን እማዬን ሳላናግራት ዋልኩ፤ እሷም ዝምታዬን ያስተዋለችው አይመስለኝም።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይላሉ። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ባዶ መርፌ ነው።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ብቻዬን ስታገኘኝ ትጠይቀኛለች። አክስትሽ ዛሬ ምን ሠራች? በላች? ራሴን አመመኝ አላለችም? ምሥጢራችንን ልታወጣጣኝ ነው ብዬ «እንጃ» እላታለሁ። «እንጃ» ስላት ፀጉሬን ዳብሳ ትተወኛለች፤ ደግማ አታስጨንቀኝም።

አንድ ጠዋት ሁለቱ ልብስ ሲያሰጡ ከአንሶላው ጀርባ ነበርኩ። ጥላቸው ብቻ ይታየኛል፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ሆዱ የገፋ።

«እትዬ፣ ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር አሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ያየሽ ሰው።»

«አዎ፣ ጎራ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

የልብስ መቆንጠጫ ስትሰካ ድምፁ ተሰማኝ። «ምንም አላሉኝም። ይልቅ አንቺ ጎንበስ ቀና አታብዢ።»

ቀጭኑ ጥላ ሄዶ የቅርጫቱን ልብስ ከእማዬ እጅ ወሰደ። እኔም ትልልቅ ሰዎች ስለ «ምንም» ይህን ያህል እንደሚያወሩ ገርሞኝ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተለወጠች። ስትራመድ ግድግዳውን ትዳብሳለች። አበባ ልንቀጥፍ ስንወጣ መቀሱን ለእኔ ሰጥታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። አንዳንዴ ያልኩትን ደግሜ እንድነግራት ትጠይቀኛለች፣ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ። ሥራውን በደንብ እንድለምድ ብላ ነው እያልኩ ደጋግሜ እነግራታለሁ።

ወንድሜ ተወለደ። እማዬ ከሐኪም ቤት ይዛው ስትመጣ አክስቴ በር ላይ ወንበር አስወጥታ ትጠብቅ ነበር። ቆማ ለመቀበል ሞክራ መልሳ ተቀመጠች። በኋላ፣ እማዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል፣ አክስቴ ሕፃኑን አምጡልኝ አለች። ክንዷ ላይ አስተኝታው አፍንጫዋን ለስላሳው ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈች። እንደዚያ ሆና ቆየች፤ እንቅልፍ የወሰዳት ሁሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለችና፣ እማዬ እንዳትሰማ በሹክሹክታ፣

«ምን ምን ይላል?» አለችኝ።

ፈተና መሰለኝ። ተጠግቼ አሸተትኩ።

«ወተት ቀደመ» አልኩ በሹክሹክታ። «ቀጥሎ አሁን የተተኮሰ ልብስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚመጣው።»

«ሌላ?»

«ሌላም አለ። ስሙን አላውቀውም።»

«እሱን ነው የፈለግሁት» አለች። ደግማ አፍንጫዋን ጭንቅላቱ ላይ አደረገች።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምጥ አድክሟት ነው ብዬ ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ሳብኩላት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሌላም ደረብኩላት።

ወንድሜ ገና ዓይኑን ሰው ላይ ማሳረፍ ሳይጀምር አክስቴ ቤት ውስጥ ታጣች። ሌላ ሆቴል ኮምጣጤ ስለፈለገ ሥራ ሄዳ ነው ተባልኩ። እማዬ ሕፃኑን አዝላ በየቀኑ ትወጣለች፤ እኔ ጎረቤት እውላለሁ። አክስቴ ስትመለስ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ነበር። አንድ ቀን ሻሹ ሸርተት ሲል ራሷ መላጨቱን አየሁ። በዚያ ሰሞን ትምህርት ቤታችን ቅማል ገብቶ ልጆች ሁሉ ተላጭተው ነበር።

«አንቺንም ቅማል ያዘሽ?» አልኳት።

«ያዘኝ» አለች። «ከአንቺ ሳይሆን አይቀርም።»

ደንግጬ ፀጉሬን ሳክ ዋልኩ። ምሽቱን እማዬ ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ስታበጥረኝ፣ ቅማሉን አክስቴ ላይ ያጋባሁባት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ማበጠሪያውን አቆመች። «አንቺ ምንም አላደረግሽም» አለች፤ ደግሞ ደጋግማ፣ «ማንም ምንም አላደረገም።» ድምፅዋ ልዩ ስለነበር ቀና ብዬ ልመለከታት ሞከርኩ፤ ራሴን በእጇ ይዛ መልሳ አስደገፈችኝ።

በኋላ እንደሰማሁት ሥራ ሄዳለች ስባል የነበረችው ሐኪም ቤት ነው፤ ሐኪሞቹ ከፍተው ያዩት ከአፍንጫዋ በላይ፣ ከግንባሯ አጥንት ጀርባ ያደገውን ዕጢ ነው። ሊያወጡት ስላልቻሉ መልሰው ዘጉት። እማዬ ለአክስቴ «ወጥቷል ብለዋል» አለቻት። አክስቴም «ተመስገን» አለች። ይህን ሲባባሉ እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዝ ነበር። ምን እንደወጣ አልገባኝም፤ ሁለቱም ፈገግ ስላሉ እኔም ፈገግ አልኩ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ከአልጋ አልወረደችም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአትክልት ቦታው የተገኘውን እቀጥፍላትና፣ ከጓዳም አንድ ጠርሙስ ይዤላት እገባለሁ። ደርሷል አልደረሰም ማለቱ ቀርቶ ነበር። «ንገሪኝ» ብቻ ነው የምትለኝ። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኛለች። የማውቃቸው ቃላት ሲያልቁብኝ ከሌላ ቦታ እዋሳለሁ። የጥብስ ቅጠሉ አበባ አዲስ ደብተር ሲከፈት፣ የሽንኩርቱ አበባ የተናደደች አስተማሪ፣ ነገረኛው ደግሞ ከሩቅ ዝም ያለ ከቅርብ የሚሳደብ ጎረቤት። ስትስቅ ደረቷ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የለውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚህ እየነገርኳት እማዬ ወንድሜን ይዛ ገባች። ወዲያው አፌን ዘጋሁ። ምሥጢር ምሥጢር ነው። አክስቴም ዓይኗን ገለጠች። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣

«ቀጥይ እንጂ» አለችኝ። «እኔም ልስማ።»

አክስቴን አየኋት። ለረጅም ጊዜ እማዬን ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ለእኔ በአገጯ «ቀጥይ» አለችኝ። ቀጠልኩ። ጽጌረዳው ነበር በእጄ ያለው። ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ ተረክሁ። እማዬ የአክስቴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ እያሻሸች ሰማችኝ፤ ወንድሜ መሃላችን ተኝቶ ነበር። አክስቴ በመጨረሻ ይቅር ብላ እማዬን ወደ ሥራችን ያስገባቻት መሰለኝና ደስ አለኝ። ቅናት የሚባለው ነገር ከቤታችን ወጣ አልኩ። ከልጅነቴ ሁሉ ያንን ቀን ያህል ቤታችን የሞላ አይመስለኝም።

አክስቴ የሞተችው እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ጎረቤታችን ከክፍል ጠርታ አወጣችኝና እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ግቢው በር ላይ የወጥ ቤቱ አለቃ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አየሁት፤ ያ ትልቅ ድምፁ የት እንደገባ አላውቅም፣ ስሜን ሲጠራ አልሰማሁትም፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ጓዳ ገብቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ሥራ አለብኝ ብዬ ነበር። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አሸተትኩ፣ ለማን እንደምነግር ግን አጣሁ። ማታ እማዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ።

የቀረውን የሰማሁት ካደግሁ፣ የራሴን ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው። እማዬ በሰፌድ ሽንብራ እየለቀመች ነበር። ከምን እንደተነሳን አላስታውስም፤ ያን ቅዳሜ በጠርሙስ ስለቀዳችው ውሃ ጠየቅኋት።

«ውሃው ላይ ነው እርግጠኛ የሆንኩት» አለች። «አንቺ ጓዳ ውስጥ ስታሸትቺላት ቀድሜ በመስኮት አይቻችሁ ነበር። አፍንጫዋ እንደከዳት ገባኝ። ሐኪም ቤት መሄዷን ስሰማ ደግሞ፣ የማይድን ነገር ነግረዋት ከእኔ ደብቃ ነው አልኩ። በሆዴ ላለው ልጅ ብላ ነው አልኩ። እሷ ልትደብቀኝ እስከፈለገች ድረስ ባላወቀ ልለፍላት ብዬ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ነግረዋት ነበር?»

ሽንብራውን መልቀሙን ተወች።

«ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ነው የነገረኝ፣ ከፍተው ከዘጉት በኋላ። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ዕጢው ትንሽ ነበር፣ ቶሎ ተኚና እናውጣልሽ ብለናት ነበር አለኝ። እሷ እህቴ ትውለድና እመጣለሁ ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ ምንም አይደረግላትም ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ደፍሬ ብጠይቃት ኖሮ እየጎተትኩ ነበር የምወስዳት።»

ወንድሜ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሚያውቀው ነገር የለም፣ እንዲያውቅም አንፈልግም።

«መጨረሻ ላይ ማወቅሽን አውቃ ነበር?» አልኳት። «ያን ዕለት፣ እኔም ልስማ ስትይ?»

እማዬ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«እንጃ ልጄ» አለች። «እሷ ልትነግረኝ ፈራች፣ እኔ ልጠይቃት ፈራሁ። ተፈራርተን ተለያየን።»